ስምንት ከተማ በ10 ቀን? ስለ አልፕስ የባቡር ጉዞ የጠየቃችሁኝ

ሰኔ ሲቃረብ የመልእክት ሳጥኔ በባቡር ጥያቄ ይሞላል። አገር ቤት ክረምቱ ሲገባ አውሮፓ ላይ በጋው ይጀምራል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ እረፍት ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ወደ ተራራ ወይ ወደ ባሕር ያያል። ዘንድሮ ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ ስለ አልፕስ ተራሮች ነው። ሌላውንም ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጬ፣ ጥያቄዎቹን አሳጥሬ መልሻለሁ።

ከፍራንክፈርት፦ እኔና ባለቤቴ 10 ቀን እረፍት አለን። ሙኒክ፣ ሳልዝበርግ፣ ቪየና፣ ቬኒስ፣ ሚላን፣ ሉጋኖ፣ ሉሰርን፣ ዙሪክ ብለን ጽፈናል። እንዴት ብናስኬደው ይሻላል?

ግማሹን ሰርዙ። ከልቤ ነው የምላችሁ። ከተማ በቀየራችሁ ቁጥር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሻንጣ ማሰር አለ፣ ሆቴል ማስረከብ አለ፣ አዲሱን ሆቴል መፈለግ አለ፣ ክፍሉ እስኪለቀቅ መጠበቅ አለ። በስምንት ከተማ ስታስቡት አራት ቀን በላይ በሻንጣ ጉተታ አለቀ ማለት ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ከፍራንክፈርት ሙኒክ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እዚያ ሁለት ሌሊት። ከሙኒክ ኢንስብሩክ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ እዚያም ሁለት ሌሊት። ኢንስብሩክን ብዙ ሰው ያልፋታል። ከተማዋ ግን ተራራ መሀል የተቀመጠች ናት፣ አንገታችሁን ቀና ስታደርጉ ገደሉ ፊታችሁ ነው። ከዚያ በብሬነር ማለፊያ በኩል ወደ ጣሊያን ትወርዳላችሁ። ቬሮና ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፣ ከቬሮና ቬኒስ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ቬኒስ ሁለት ሌሊት። ከቬኒስ ሚላን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሚላን ላይ ሻንጣችሁን ጣቢያው አስቀምጡ፣ ዱኦሞ የሚባለውን ትልቁን ካቴድራል እዩ፣ ምሳ ብሉ፣ ከሰዓት ወደ ቲራኖ ተሳፈሩ። ባቡሩ የኮሞን ሐይቅ እያስጠጋ ነው የሚሄደው። ቲራኖ አንድ ሌሊት እደሩ። በማግስቱ በርኒና በሚባለው የተራራ ባቡር መስመር ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግራችሁ ዙሪክ ትገባላችሁ፣ እዚያ ሁለት ሌሊት። ከዙሪክ ቤታችሁ አራት ሰዓት ነው።

ቪየናን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ከዙሪክ ቪየና በቀጥታ ባቡር እንኳ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ቪየና የራሱ ጉዞ ይገባዋል፤ ከዚያ ወደ ግራትስ የሚወስደው የሴመሪንግ መስመር እ.ኤ.አ. በ1854 የተከፈተ፣ ዩኔስኮ የመዘገበው ነው። እሱን በችኮላ ማየት ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር አደራ። የሐዲድ ጥገና የሚበዛው በበጋ ነው። አንዳንዴ መስመሩ ለሳምንታት ተዘግቶ መንገደኛው በአውቶቡስ ይወሰዳል። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የምትሄዱበትን ቀን በባቡር ድርጅቱ አፕ ላይ አስገብታችሁ እዩ።

ከስቶክሆልም፦ ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለኝ ኢትዮጵያዊ ነኝ። በብዙ የአውሮፓ አገር ባቡር የሚያሳፍረውን ፓስ ልገዛ ነው፤ የምገዛው ኢንተርሬይል ነው ዩሬይል?

ኢንተርሬይል። ፓስፖርትህ የኢትዮጵያ ቢሆንም ነዋሪነትህ አውሮፓ ነው። ዩሬይል ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድህ ዩሬይል ይገዛል፣ አንተ ኢንተርሬይል፤ አብራችሁ ግን ትጓዛላችሁ።

ልብ በል፣ ፓሱ በምትኖርበት አገር የሚያገለግለው አንዴ ለመውጣት፣ አንዴ ለመመለስ ብቻ ነው። ስዊድን ውስጥ እንደ ልብህ አያንሸራሽርህም። ልጆች ካሉህ ደግሞ ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉት ከአዋቂ ጋር ነጻ ናቸው፤ አንድ አዋቂ ሁለት ልጅ ይዞ ይጓዛል። ነጻ ቢሆንም የልጆቹን ፓስ አብረህ ማውጣት አለብህ።

ፓስ ሁልጊዜ ይረክሳል ማለት አይደለም። ቀናችሁ ቁርጥ ከሆነ ቀድሞ የተገዛ ነጠላ ቲኬት ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል። ፓስ የሚጠቅመው ሐሳቡን መንገድ ላይ ለሚቀይር ሰው ነው። በጣሊያን ፈጣን ባቡሮችና በሌሊት ባቡሮች ላይ ደግሞ ፓስ ይዘህም ለወንበር ወይም ለአልጋ ትጨምራለህ።

ከለንደን፦ የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። ቪዛ ያስፈልገኛል? ስዊዘርላንድስ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ ገብቼ ስወጣ ቪዛዬ ያልቃል?

የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሻል፤ በአንድ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች ማለት ነው። የእንግሊዝ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። ማመልከቻውን ብዙ ቀን ለምትቆዪበት አገር ታስገቢያለሽ፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቢበት። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ለበጋ ከሆነ ቀጠሮ ቶሎ ስለሚያልቅ አትዘግዪ።

ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ናት። ስለዚህ ከጀርመን ስዊዘርላንድ፣ ከዚያ ጣሊያን ብትሄጂ አንድ መግቢያ ነው የሚቆጠረው፤ አንዴ ብቻ የሚያስገባው ሲንግል ኢንትሪ ቪዛም ይበቃሻል። መሀል ላይ ለንደን ተመልሰሽ ደግመሽ ለመሄድ ካሰብሽ ግን አይሆንም።

ጀርመን ወይም ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ቪዛ አያሻችሁም። በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን በሌሎቹ የሸንገን አገሮች መቆየት ትችላላችሁ። ግን ፓስፖርቱም የመኖሪያ ካርዱም በእጃችሁ ይሁን። ድንበር አካባቢ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ ይጠይቃል። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። በዚህ ምክንያት ከባቡር የወረዱ ወገኖቻችንን አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

ከሚላን፦ ተማሪ ነኝ። በርኒና ኤክስፕረስ በሚባለው የቱሪስት ባቡር ላይ ቦታ አጣሁ፣ ያገኘሁትም ውድ ነው። ጉዞው ቀረ ማለት ነው?

ኧረ በፍጹም! ይህን ጥያቄ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። በርኒና ኤክስፕረስ የሚሄድበት ሐዲድ ላይ ተራው የአካባቢ ባቡርም ይሄዳል። ያው መንገድ፣ ያው ድልድይ፣ ያው ተራራ። ልዩነቱ ተራው ባቡር ቦታ ማስያዝ አይጠይቅም፣ ጭማሪ ክፍያም የለውም።

እንዲያውም እኔ ተራውን እመርጣለሁ። የኤክስፕረሱ መስኮት ትልቅ ነው፣ ግን አይከፈትም፤ ፎቶ ስታነሳ የራስህ ፊት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። በተራው ባቡር መስኮቱ የሚከፈት ፉርጎ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የተራራው አየር ፊትህን ይመታሃል፣ የጥዱ ሽታ ይገባል። ሰው ካልበዛ ከግራ ወደ ቀኝ እየተነሳህ ታያለህ።

ቲራኖ 429 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ባቡሩ ከከተማው ቤቶች ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተሻሸ ይወጣል። ትንሽ እንደሄደ ብሩዚዮ ላይ በድንጋይ ድልድይ ክብ ይዞራል፣ በራሱ መንገድ ሥር አልፎ ከፍ ይላል። ቦታ ስላጠረ መሐንዲሶቹ ከፍታውን ያገኙት በመዞር ነው። ከዚያ ወይን፣ ከዚያ የቼስትነት ዛፍ፣ ከዚያ ጥድ፣ በመጨረሻ ድንጋይና በረዶ። ኦስፒዚዮ በርኒና 2253 ሜትር ላይ ነው። ይህ ሁሉ ዳገት ባቡሩን ነክሶ የሚያወጣ ጥርሳም ሐዲድ ሳይኖር፣ በተራ ጎማና ሐዲድ ብቻ ነው የሚወጣው። መስመሩ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ዩኔስኮ ቀጥሎ ካለው ከአልቡላ መስመር ጋር በ2008 መዘገበው።

ከጫፉ በፊት አልፕ ግሩም የሚባል ጣቢያ አለ። ውረድ። የፓሉ የበረዶ ግግር ፊት ለፊትህ ነው። ቡና ጠጣ፣ ቀጣዩን ባቡር ጠብቅ። ኤክስፕረስ የያዘ ሰው ይህን እንደ ልቡ አያደርግም። ሴንት ሞሪትዝ ደርሰህ ወደ ኩር የሚሄደውን ትቀይራለህ። ፊሊሱርን እንዳለፍክ 65 ሜትር ከፍታ ያለው የላንድቫሰር ድልድይ ይመጣል፤ አንዱ ጫፉ ቀጥታ ከገደሉ ዋሻ ጋር የተያያዘ ነው። ስልክህን ቀድመህ አዘጋጅ፣ በሰከንዶች ያልፋል።

ከዙሪክ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፣ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ተራራው ከፍታው ይጎዳቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ለበርኒና አትፍሪ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2334 ሜትር ላይ ነው። እናትሽ ከመስመሩ ጫፍ ከፍ ብሎ ካለ አገር ነው የሚመጡት! ይህን ስትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል።

ዩንግፍራውዮክ የሚባለው የስዊዝ ተራራ ግን ሌላ ነው፣ የባቡር ጣቢያው 3454 ሜትር ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ሰውም አየሩ ይሳሳል። ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለባቸው መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቂ። በሐምሌም እዚያ በረዶ አለ፤ ጋቢያቸውን ይዘው ይውጡ፣ ካልሲም ደርቡላቸው።

ቲኬቱ ላይ 14:05 ያለው ለእሳቸው 8 ሰዓት ከ5 ነው። በወረቀት በኛ ሰዓት ጻፊላቸው።

ከቦሎኛ፦ ጉዞዬ ፍልሰታ ላይ ዋለ። ምን እበላለሁ?

ፍልሰታ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው። ጣሊያን ለጾመኛ ቀላል አገር ናት፤ ያንን አንቺም ታውቂዋለሽ። ማሪናራ ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ስትሻገሪ ነው የሚከብደው፣ ቅቤ ብዙ ቦታ ይገባል። ትልልቆቹ የስዊዝ ጣቢያዎች ውስጥ እሁድም የሚከፈት ሱፐርማርኬት አለ፤ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ሽምብራ ይገኛል። ቆሎና በሶ ቦርሳሽ ውስጥ ቢኖር ደግሞ ማን ይነካሻል። ዙሪክ ከ1200 በላይ የመንገድ ዳር የውሃ ምንጭ አላት፣ ውሃው ይጠጣል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሶሽን እዚያው በጥብጪ።

በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ቀንን ተጠንቀቂ። ለነሱ የእመቤታችን ዕርገት ያኔ ነው፣ እኛ ከሳምንት በኋላ እናከብራለን። ጣሊያን ቀኑን ፌራጎስቶ ብላ ታከብራለች፣ አገሩ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። በዚያ ሳምንት የምትጓዢ ከሆነ ወንበር ሳትይዢ እንዳትወጪ።

ከአገር ቤት ለሚመጡ ዘመዶች አንድ ቃል፦ ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው። በርበሬና ሽሮ ይዛችሁ ኑ።

ከሙኒክ፦ ባቡሬ ዘግይቶ ቀጣዩ ካመለጠኝስ?

እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ቲኬት ከገዛህ በሚቀጥለው ባቡር ያሳፍሩሃል። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ቲኬቶች ከሆኑ ሁለተኛው ሊቃጠል ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል፤ ለጥቂት ዩሮ ልዩነት ብዬ ለይቼ ገዛሁ፣ የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ዘገየ፣ ሁለተኛውን መስኮት ላይ እንደ አዲስ ከፈልኩ። በኅብረቱ ሕግ ከ60 ደቂቃ ጀምሮ ከዘገየ የቲኬቱ 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ 50 በመቶ ይመለሳል። ጠይቁ፤ ገንዘባችሁ ነው።

ከጄኔቫ፦ ልጆቼን በመንገዳችን ላይ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያዝ ነገር ላሳያቸው እፈልጋለሁ። አለ?

አለ። ፍራውንፌልድ ውሰዳቸው፣ ከዙሪክ በባቡር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። አልፍሬድ ኢልግ የተወለደው እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1854፤ ያ የሴመሪንግ ሐዲድ በተከፈተበት ዓመት መሆኑ ነው። ዙሪክ ምሕንድስና ተምሮ ሸዋ መጣ፣ የዳግማዊ ምኒልክ መሐንዲስና አማካሪ ሆነ። ሙሴ ኢልግ ይሉት ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣውን የባቡር መንገድ ውል በ1894 የሰጡት ለእሱ ነው። በ1916 ዙሪክ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ፣ ለገሃር የደረሰው በዓመቱ፣ በ1917 ነው፤ እሱ አላየውም።

ለልጆቹ ይህን ባቡሩ ውስጥ ሆናችሁ ንገራቸው፣ ከዙሪክ ወጥታችሁ ፍራውንፌልድ እስክትደርሱ ይበቃል። በየግማሽ ሰዓቱ ባቡር አለ፣ ቦታ ማስያዝ አያስፈልግም።