አምፕሊፋየሩ አያዳላም

ጥያቄ፦ ሚኒባስ ነው የምነዳው። የፊት በሮቹ ላይ ያሉት ስፒከሮች 4 ኦም ናቸው። ከኋላ ደግሞ ከአሮጌ የቤት ቴፕ የፈታኋቸውን፣ ጀርባቸው ላይ 8 ኦም የሚል ያለባቸውን ሁለት ስፒከሮች ጨምሬያለሁ። አምፑ ባለ ሁለት ቻናል ስለሆነ በየጎኑ የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ በፓራለል አስሬያቸዋለሁ። እኔ ጋ ያለቅጥ ይጮኻል፤ ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ግን «ሹፌር፣ ጨምርልን እንጂ!» ይለኛል። የገጠመልኝ ልጅ «አምፑ ደክሟል» አለ። ሌላ ጥንድ ስፒከር ብጨምርበትስ?
አሽከርካሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ተሳፋሪህ «ጨምርልን» ማለቱ ዕድለኛ ነህ ወንድሜ፤ ሌላው ሹፌር የሚሰማው «ቀንስልን» ነው። አምፑ አልደከመም፣ ለአዲስ ገንዘብ አታውጣ።

አምፕሊፋየር ዋት ቆጥሮ አያድልም። የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው፤ ስንት ዋት እንደሚወስድ የሚወስነው የስፒከሩ ኦም፣ ማለትም ከረንቱን የሚቋቋምበት መጠን ነው። በፓራለል፣ ማለትም ሁለቱንም ጎን ለጎን ከአንድ መስመር ላይ ስታስራቸው ሁለቱም እኩል ቮልቴጅ ያገኛሉ። አምፑ 14 ቮልት አወጣ እንበል፦ 14 በ14 ሲባዛ 196፤ ለ4 ሲካፈል 49 ዋት፣ ለ8 ሲካፈል 24.5 ዋት። የፊቱ የኋላውን እጥፍ ወሰደ። ሁለቱ የታሰሩት አንድ መስመር ላይ ስለሆነ ቴፑ ላይ ያለውን የፊትና የኋላ ማስተካከያ ብትነካካውም ለውጥ የለውም።

በሲሪስ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው አስከትለህ ብታስራቸው ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚያልፍባቸው ከረንት አንድ ስለሆነ ባለ 8 ኦሙ ይበልጣል። ግን ድምሩ 12 ኦም ይሆንና ለኋላው 11፣ ለፊቱ 5.5 ዋት ገደማ ይቀራል። ሁለቱንም ማስራብ ነው።

ይሁንና የዋት እጥፍ በድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ይሰማል እንጂ ሰው አያስጮህም። እኔ የምጠረጥረው ሣጥኑን ነው። ስፒከሮቹን ከቤት ቴፑ ሣጥን አውጥተህ ክፍት ቦታ ላይ ከሰቀልካቸው፣ በጀርባቸው የሚወጣው ድምፅ የፊታቸውን ያጣፋዋል። በተለይ ቤዙ ድራሹ ይጠፋል።

ሌላ ጥንድ የምትለውን ተወው። አሁን በየቻናሉ ያለው 2.7 ኦም ገደማ ነው፤ ባለ 4 ኦም ስትጨምርበት 1.6 ይሆናል። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ቻናል የመኪና አምፕሊፋየሮች ከ2 ኦም በታች አይችሉም። ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፤ ዝም ካልከውም ይቃጠላል።

የኋላዎቹን አውልቀህ በ4 ኦም የመኪና ስፒከር ተካቸው። በየቻናሉ 2 ኦም ይሆናል፣ እኩል ይካፈላሉ። አምፑ 2 ኦም እንደሚችል ግን አስቀድመህ ጀርባውን አንብብ። ሱቅ ስትሄድ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመን፣ ቴስተር (ኦም መለኪያ) ይዘህ ሂድ። ጤነኛው ባለ 4 ኦም ከ3.2 እስከ 3.6 ያሳይሃል፤ ቴስተሩ የሚለካው የኮይሉን፣ ማለትም ስፒከሩ ውስጥ የተጠመጠመውን ሽቦ ብቻ ስለሆነ «ጎደለ» ብለህ አትጣላ። ዜሮ አካባቢ ካሳየ ኮይሉ ሾርት ነው፤ እዚያው መልስለት።