ነፃው ቤት ስንት ሰዓት ያስከፍላል?

ውድ ጠያቂያችን፣

ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ደብዳቤሽን በአጭሩ ልድገመው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ፣ ካደግሽበት ርቆ በሚገኝ ትልቅ ከተማ በጀማሪ ኦዲተርነት ተቀጥረሻል። ሥራ የምትጀምሪው ከአንድ ወር በኋላ ነው። የት ሰፈር ልኑር ብለሽ ሦስት ምርጫ አስቀምጠሻል። አንደኛው አጎትሽ ቤት ነው። ኪራይ የለውም፤ ግን ከተማው ዳር ስለሆነ ሁለት አውቶቡስ ይዘሽ ቢሮ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብሻል። ሁለተኛው ከቢሮው የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ያለ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ የደሞዝሽን 55 በመቶ ይወስዳል። ሦስተኛው ከሁለት ሴቶች ጋር የሚጋሩት አፓርታማ ነው። በአንድ መስመር 40 ደቂቃ፣ ኪራዩ የደሞዝሽ ሲሶ ገደማ። እናትሽ ደግሞ «አጎትሽ እያለልሽ ለባዕድ ኪራይ ትከፍያለሽ?» ብለዋል። ብቸኝነቱ፣ የማታው ደህንነት፣ የአንድ ዓመቱ ውልና ለቤት የምትልኪው ገንዘብም አሳስቦሻል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ሦስተኛውን ያዢ። አጎትሽ ቤት ግን ለጥቂት ሳምንት እረፊ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ደብዳቤሽ ውስጥ «ነፃ» የሚለው ቃል አራት ቦታ ላይ አለ። እኔን ያስቀመጠኝና እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው። ወጣቶች ይህን ቃል ሲሰሙ ሒሳቡን እዚያው ያቆሙታል። ቤተሰብም እንዲያቆሙት ይገፋፋቸዋል። እስቲ እኛ እንቀጥለው።

በወር 22 የሥራ ቀን እንያዝ። ከአጎትሽ ቤት ደርሶ መልስ በቀን 4 ሰዓት፣ በወር 88 ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት በሚሠራበት የሥራ ቀን ሲመነዘር 11 ቀን ይሆናል። በየወሩ 11 የሥራ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ታሳልፊያለሽ ማለት ነው። ከጋራው አፓርታማ ደግሞ በቀን 80 ደቂቃ፣ በወር 29 ሰዓት ገደማ ነው። ልዩነቱ 59 ሰዓት።

አሁን የምትከፍዪውን ኪራይ፣ ማለትም የደሞዝሽን ሲሶ፣ ለ59 አካፍዪው። ከዚያ ሙሉ ደሞዝሽን በወር ለምትሠሪው 176 ሰዓት አካፍዪ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ይቀራረባሉ። አንዲቱን ሰዓትሽን፣ ቀጣሪሽ ለአንድ ሰዓት ሥራ በሚከፍልሽ ዋጋ መልሰሽ ትገዢያታለሽ። ከሁለተኛው አውቶቡስ ክፍያ የምታተርፊውን ገንዘብ ስትቀንሺ ደግሞ ዋጋው ከዚያም ይወርዳል። አሁን የምታገኚው ደሞዝ የጀማሪ ደሞዝ መሆኑን አትርሺ። ሰዓትሽ ከዚህ የረከሰ ዋጋ አይኖረውም።

ይኸው ስሌት ቢሮው አጠገብ ያለውን ክፍል የማልመክርበትንም ምክንያት ያሳያል። እሱን ብትይዢ ከጋራው ቤት በላይ የምታተርፊው በወር 22 ሰዓት ገደማ ነው። ለዚያ ደግሞ የደሞዝሽን ተጨማሪ 22 በመቶ ታወጫለሽ። አንዷ ሰዓት በሰዓት ከሚከፈልሽ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ዋጋ ተቆረጠላት ማለት ነው። አያዋጣም።

ያተረፍሽውን ሰዓት ምን ታደርጊበታለሽ? ይህ ነው ዋናው። ይህን ምክር መስጠት ከመጀመሬ በፊት እኔም ኦዲት ውስጥ ሠርቻለሁ። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ዓመት የሚሠራው በመደበኛው ሰዓት ብቻ አይደለም። ሒሳብ በሚዘጋበት ወቅት አለቃሽ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ዞር ብሎ «ማን አለ?» ይላል። ከባዱንና የሚያስተምረውን ፋይል የሚያገኘው ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ የተገኘው ሰው ነው። የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጠኛል ብሎ ቦርሳውን የያዘው ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ነው። አለቃው ግን ይህን አያይለትም። ፈተናም አለ። እንደ ኤሲሲኤ (ACCA) ያለ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ማረጋገጫ ፈተናዎቹን ከማለፍ ሌላ የ36 ወር የተግባር ልምድ ይጠይቃል። ሥራና ጥናት ጎን ለጎን የሚሄዱት ማታ ማታ ነው። አራት ሰዓት መንገድ ላይ የዋለ ሰው ማታ መጽሐፍ ገልጦ የሚቆየው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ከሥራ ባልደረቦቼ አይቻለሁ።

ሰው መንገዱን ይለምደዋል የሚሉሽ ይኖራሉ። አሎይስ ሽቱትሰርና ብሩኖ ፍራይ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ይህንኑ በጀርመን የቤተሰብ መረጃ ላይ መርምረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በተሻለ ደሞዝ ወይም በረከሰ ኪራይ ይካሳሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ያገኙት ግን መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሰዎቹ በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ እንደሚቀንስ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ንግግር ልምጣ። በግልጽ እናገራለሁ፤ በክፉ እንዳትወስጂው። ዘመድ ቤት መኖር ዋጋ አለው፣ ዋጋው ግን በገንዘብ አይጠየቅም። የቤቱ እንግዳ ያንቺም እንግዳ ነው። የታመመ ካለ አስታማሚዋ አንቺ ነሽ። ስታመሺ «የት ነበርሽ?» ትባያለሽ፤ ሲደጋገም ወሬው ለእናትሽ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ ቢሆንም ከዚያው ከማታው ሰዓትሽ ላይ ይቆረጣል። እናትሽን ያስጨነቃቸው ደግሞ ኪራዩ አይመስለኝም። ልጃቸው በማያውቁት ከተማ፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ማደሯ ነው። ስለ ገንዘብ ብትከራከሪያቸው አትግባቡም። ስለ ፍርሃታቸው አውሪያቸው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሥራ ስትጀምሪ አጎትሽ ቤት ግቢ፤ ግን ከመግባትሽ በፊት «ቤት እስካገኝ ለአንድ ወር ነው» በያቸው። ቀኑ ካልተነገረ፣ ስትወጪ መኮብለል ይመስላል። ከዚያ አፓርታማውን ለማየት አጎትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ከተማውን ያውቁታል፣ አከራዩም ከእሳቸው ጋር ሲያይሽ ንግግሩን ያስተካክላል። አይተው ከመከሩሽ በኋላ ለእናትሽ የሚነግሯት እሳቸው ይሁኑ። ያንቺ አሥር ማስረጃ የእሳቸውን አንድ ስልክ አያክልም። እሑድን ለእነሱ ስጪ፤ ሳታጓድዪ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም። አንቺ ርቀቱን የለካሽው ከቢሮው ነው። ኦዲተር ግን ብዙውን ጊዜ የሚውለው ደንበኛ ድርጅት ውስጥ ነው። በዚህ ወር ምሥራቅ፣ በሚቀጥለው ወር ምዕራብ ልትላኪ ትችያለሽ። ደግሞም የመጀመሪያ ቀጣሪሽ የመጨረሻ ቀጣሪሽ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። እና ሰፈር ስትመርጪ ቢሮውን ሳይሆን መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ ተከተዪ። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ስለኖርኩ ቀጣሪ ስቀይር ቤት መቀየር አላስፈለገኝም። የጋራው አፓርታማ ከአንድ በላይ መስመር የሚያልፍበት መሆኑን ሳታረጋግጪ እሺ እንዳትዪ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የአከራይን «ሃያ ደቂቃ ነው» አትመኚ። እሑድ ከሰዓት ሄደሽም አትፍረጂ። በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሰው በሚጋፋበት ሰዓት፣ ከቤቱ በር እስከ ቢሮው በር ራስሽ ሂጂው። ከሩቅ ሆነሽ ከሆነ ጉግል ማፕ ላይ የሥራ ቀንና የመድረሻ ሰዓት መርጠሽ እዪው። አማካዩን ብቻ ሳይሆን የክፉ ቀኑን ሰዓት ጎረቤት ጠይቂ። ዝናብ ሲጥል ስንት ይፈጃል? የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው? እሱ ቢቀር ሁለተኛ መንገድ አለ?

ሌሎቹን በአጭሩ። ስለ ማታው ደህንነት፣ የሰፈሩን ስም ትተሽ ከፌርማታው እስከ ቤቱ በር ያለውን መንገድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከሰው ጋር ሆነሽ ተራመጂበት። መብራት አለ? የተከፈተ ሱቅ አለ? ሴቶች ብቻቸውን ይሄዳሉ? መልስሽ እዚያው ነው።

ስለ ብቸኝነቱ፣ ካገርሽ ልጆች ሰፈር ካልሆንሽ ሰው እንደሌለሽ አትቁጠሪ። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ከ10ሩ 8 ያህሉ ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። ከሥራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ማውራት የሚችል ሰው እነዚህን ትውውቆች ያገኛል።

ለቤት የምትልኪውን ገንዘብ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አሳንሺው፤ መጠኑንም አሁኑኑ ንገሪያቸው። ኪራይና ትራንስፖርት ተደምረው ከደሞዝሽ 40 በመቶ እንዳያልፉ ሞክሪ።

የአንድ ዓመት ውል ግን አትፈርሚ። የሙከራ ጊዜሽ ገና አላለቀም። ስድስት ወር ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ፣ ከአንድ ወር ማስታወቂያ በኋላ መልቀቅ እንደምትችዪና በምትክሽ ተከራይ ማምጣት እንደሚፈቀድልሽ ውሉ ላይ በጽሑፍ አስገቢ። አብረውሽ የሚኖሩትን ሁለት ሴቶችም ከመፈረምሽ በፊት አግኝተሽ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ጠይቂያቸው። ልታጠኚ ነውና።