የቴክኖሎጂ ጥያቄና መልስ፦ ጂሲሲ ሊብጂሲሲ ላይ ሲደርስ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ ለኤስቲኤም32 ማይክሮኮንትሮለር (የአርም ፕሮሰሰር ላለው ትንሽ ቺፕ) የሚሆን ክሮስ ኮምፓይለር፣ ማለትም ላፕቶፕ ላይ እየሠራ ለሌላ ቺፕ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ጂሲሲ፣ ከሶርስ ኮድ እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ ቢንዩቲልስን (አሴምብለሩና ሊንከሩ ያሉበትን ጥቅል) ሆም ፎልደሬ ውስጥ «ኦፕት/ክሮስ» ላይ ጫንኩ፤ ፓዙንም (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር) በ«ኤክስፖርት» አስተካከልኩ። ከዚያ መብራት ሄደ። ሲመጣ ጂሲሲን ኮንፊገር አደረግሁ፤ ፕሪፊክሱን (የሚጫንበትን ፎልደር) ግን «ዩኤስአር/ሎካል» አልኩት። ጂሲሲ ራሱ ያለችግር አለቀ። ሊብጂሲሲ (በጂሲሲ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ረዳት ላይብረሪ) ላይ ሲደርስ «የኦብጀክት ፋይሎችን ቅጥያ ማወቅ አልተቻለም፤ ኮምፓይል ማድረግ አይቻልም» ብሎ ቆመ። ጂሲሲ የሚፈልጋቸው የሒሳብ ላይብረሪዎች ጂኤምፒ፣ ኤምፒኤፍአርና ኤምፒሲ ተጭነዋል። ምን ላድርግ?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይህ መልእክት ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ነው። ስለ ቅጥያ የሚለውን ይተዉት። ትክክለኛው ምክንያት ያለው «ኮንፊግ.ሎግ» ውስጥ ነው፤ ዋናው ቢልድ ፎልደር ላይ ያለው ሳይሆን «አርም-ነን-ኢኤቢአይ/ሊብጂሲሲ» ሥር ያለው። እዚያ አሴምብለሩ (የኮምፓይለሩን ውጤት ወደ ማሽን ኮድ የሚለውጠው) «ኤምኢኤቢአይ=5» የሚባል አማራጭ አላውቅም ሲል ካገኙት፣ የተጠራው የአርም አሴምብለር ሳይሆን የላፕቶፕዎ ነው ማለት ነው።

እርስዎ ዘንድ ሁለት ነገሮች ተገጣጥመዋል። «ኤክስፖርት» የሚሠራው ለተከፈተው ተርሚናል ብቻ ስለሆነ ፓዙ ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄዷል። ፕሪፊክሱ አንድ ቢሆን ኖሮ ግን ጂሲሲ ያለ ፓዝም አሴምብለሩን ያገኘው ነበር፤ ፕሪፊክሱ ሥር ባለው «አርም-ነን-ኢኤቢአይ/ቢን» ውስጥ ይፈልጋልና።

አሁን ፓዙን አስተካክሎ «ሜክ» ማለት ብቻውን አይበቃም። አሴምብለሩ የት እንዳለ የሚመዘገበው በኮንፊገር ጊዜ ስለሆነ ቢልድ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ፓዙን «.ባሽአርሲ» ውስጥ ይጻፉና አዲስ ተርሚናል ከፍተው «አርም-ነን-ኢኤቢአይ-ኤኤስ» መልስ መስጠቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ከሶርሱ ውጭ ባለ ባዶ ፎልደር፣ በ«ኦፕት/ክሮስ» ፕሪፊክስ፣ ለሲ ብቻ፣ «ዊዝ-ኒውሊብ» እና «ዊዝአውት-ሄደርስ» ጨምረው ኮንፊገር ያድርጉ። «ሜክ» ብቻ አይበሉ፤ «ኦል-ጂሲሲ» እና «ኦል-ታርጌት-ሊብጂሲሲ» ብለው ይሥሩና ሁለቱን ይጫኑ። ቀጥሎ ኒውሊብ (ለማይክሮኮንትሮለር የሚሆነው የሲ ላይብረሪ) ነው። ሲ++ የሚመጣው በሁለተኛው ዙር፣ «ዊዝአውት-ሄደርስ» ወጥቶ ነው።

«ሱዶ» አይጠቀሙ። በብዙ ሲስተሞች ላይ ፓዙን በራሱ ይተካዋል፤ ሆም ፎልደር ውስጥ ለመጫን ደግሞ አያስፈልግም።

ሎጉ ስለ አሴምብለሩ ምንም ሳይል «ሊብኤምፒኤፍአር» አልተገኘም ካለ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ጂሲሲ ሶርስ ውስጥ «ኮንትሪብ» ሥር ያለውን «ዳውንሎድ ፕሪሪኩዊዚትስ» ስክሪፕት ያስኪዱ፤ ሦስቱም ላይብረሪዎች ከጂሲሲው ጋር አብረው ይሠራሉ። በእኛ እምነት ከመጀመሪያውም የሚሻለው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ «ሜክ ጄ8» (ስምንት ሥራ በአንድ ጊዜ) ስል ሥራው መሀል ላይ «ኪልድ፣ ሲሲ1ፕላስ» ብሎ ይቋረጣል። የጠየቅሁት ለሲ ብቻ ነው፤ ሲ++ ከየት መጣ? በሌላ ጊዜ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ በዚያው ፎልደር ስቀጥል ሊንከሩ «ፋይሉ ተቆርጧል» አለኝ።
(ከደሴ)

መልስ፦ የተገደለው የላፕቶፕዎ የራሱ ሲ++ ኮምፓይለር ነው። ጂሲሲ ከ4.8 ጀምሮ የሚሠራው በሲ++ ኮምፓይለር ስለሆነ፣ ለሲ ብቻ ብለው ቢጠይቁም ማለፊያ የለውም። ራሙ ሞልቶ ከርነሉ እንደገደለው «ዲሜሴጅ» የሚለው ትእዛዝ ያሳይዎታል። ወደ «ጄ2» ይውረዱ፤ ካልበቃ «ጄ1»። 4 ጊጋባይት የስዋፕ ፋይልም (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ይጨምሩ፦ «ፋሎኬት»፣ «ሲኤችሞድ 600»፣ «ኤምኬስዋፕ»፣ «ስዋፕኦን» በዚህ ቅደም ተከተል (እነዚህ «ሱዶ» ይፈልጋሉ)። ይዘገያል እንጂ ያልቃል።

ሁለተኛው የመብራቱ ጣጣ ነው። «ሜክ» በኮንትሮል ሲ ሲቋረጥ ጅምሩን ፋይል ራሱ ያጠፋል፤ መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ዲስክ ላይ ያልደረሰው ፋይል ባዶ ሆኖ ይቀራል። የፋይሉ ቀን አዲስ ስለሆነ «ሜክ» ያለቀ ይመስለዋል። ቢልድ ፎልደሩ ውስጥ መጠናቸው 0 የሆኑ የ«.ኦ» እና የ«.ኤ» ፋይሎችን በ«ፋይንድ» ፈልገው ያጥፉና ይቀጥሉ። ስህተቱ ከተደገመ ፎልደሩን በሙሉ ያጥፉት፤ የሠሩት ከሶርሱ ውጭ ከሆነ ምንም እንደገና ማውረድ አይኖርብዎትም።