መልስ፦ የ8ኛ ክፍል ውጤት ብቻ አይተሽ አትወስኚ

እህቴ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ውጤቱ ስለወረደ ልጄን ከ7ኛ ላስገባ ወይስ ግል ልፈልግ ብለሽ ነበር የጠየቅሽው። አማካይ ውጤት ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ሲፈርስ ስንት ቤተሰብ ነው ከሰፈሩ የተነሣው፤ አንዳንዱ ልጅ ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርት ቤት ቀየረ፣ አንዳንዱ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ገብቶም በታክሲ እየተመላለሰ እዚያው ቀጠለ። ስለዚህ የዛሬው ተፈታኝና የዱሮው አንድ አይደለም። አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ግል ያስገባል፣ የቀን ሠራተኛውና የጉሊት ነጋዴዋ ልጅ መንግሥት ጋ ይማራል። ቤት አስጠኚ የሚቀጠርለትን ልጅ ከትምህርት መልስ እናቱን ጉሊት ከሚያግዘው ጋር አወዳድሮ መምህሩን መውቀስ ለኔ ፌር አይደለም (ግል ሁሉ ጎበዝ ነው ያለሽ ማነው ደግሞ?)።

ሄደሽ ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ፦ ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አለ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር በዓመቱ መሀል ተቀይሯል ወይ? ማጠናከሪያ ትምህርት ካለም መቼ እንደሆነ እወቂ። ደግሞ 8ኛን ማለፍ ብቻውን አያዘናጋሽ። በ2015 ዓ.ም 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ ያ ክፍተት ደግሞ የሚጀምረው ከታች ነው።