አጥንትና ሥጋ ሲያመረቅዝ፦ ለቀዶ ሐኪሙ የቀረቡ ጥያቄዎች

ከዘጌ፦ ዶክተር፣ የ9 ዓመት ልጄ ከጉልበቱ በታች አብጦ ያተኩሰዋል። ወጌሻ አሽቶታል። በአራተኛው ቀን የተነሣው ራጅ ምንም አላሳየም፤ አሁን አሞክሳሲሊን ይወስዳል። ይበቃዋል?

መልስ፦ አይበቃውም። ዛሬውኑ ወደ ባሕር ዳር ይዘውት ይምጡ፤ እግሩም ከእንግዲህ አይታሽ። ይህ የአጥንት ማመርቀዝ ሊሆን ይችላል። በልጆች ላይ ተህዋሱ አብዛኛውን ጊዜ በደም ተጉዞ በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ፣ ከመገጣጠሚያው አጠገብ ይሰፍራል፤ መግሉ መውጫ ሲያጣ በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል እየሰረገ ሽፋኑን ይገነጥለዋል፤ ደም የተቋረጠበት አጥንትም ይሞታል። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነውና የተቋጠረ መግልና የሞተ አጥንት ውስጥ በበቂ መጠን አይደርስም። ስለዚህ መግል ካለ ቀዶ ማፍሰስና ማጠብ ግድ ነው፤ መድኃኒቱም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀጥላል። ትኩሳቱ በረደ ተብሎ በሳምንቱ የተቋረጠ ሕክምና ለዓመታት መግል የሚያፈስ ቀዳዳ ሊያስከትል ይችላል። አሞክሳሲሊን ደግሞ የዚህ በሽታ ዋና አምጪ የሆነውን፣ ስታፊሎኮከስ አውሪየስ የተባለውን ተህዋስ አብዛኛውን ጊዜ አይገታም። ራጁ አያዘናጋዎት፤ በአጥንቱ ላይ ለውጥ የሚታየው ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው።

ከሽምብጥ፦ ወጌሻን ባንወቅስ? የአባቴን የወለቀ ትከሻ የመለሰው ወጌሻ ነው።

ከጢስ ዓባይ፦ ውልቃት ሌላ፣ መግል ሌላ ነው ወንድሜ።

ከሽምብጥ፦ ሌሊት በሩ የሚንኳኳው ግን የወጌሻው ነው፤ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው።

መልስ፦ ስለ ውልቃት አልተጠየቅሁም። ትኩሳት ያለው እብጠት አይታሽ።

ከጎርጎራ፦ የአምባዛ እሾህ ጣቴን ወግቶኝ አብጧል። በረኪና ውስጥ ልንከረው?

መልስ፦ አይንከሩት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀዶ ሐኪሙ ካሬልና ኬሚስቱ ዴኪን ቁስል ያጠቡበት ፈሳሽ የበረኪና ዘር ቢሆንም ወደ 0.5 በመቶ የቀጠነና በጥንቃቄ የተመጠነ ነበር፤ ያውም የሞተው ሥጋ በቀዶ ከተነሣ በኋላ ነው። ጣትዎ ታጥፎ ከቀረ፣ ሲያቃኑት እጅግ ካመመዎት፣ ሕመሙም በመዳፍ በኩል ጅማቱን ተከትሎ ከወጣ፣ መግሉ በጅማቱ ሽፋን ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሳያድሩ ወደ ጎንደር ይሂዱ። የወጋዎት የሐይቅ ዓሣ መሆኑን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የመድኃኒቱን ምርጫ ይለውጣል።

ከባሕር ዳር፦ አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድስ?

መልስ፦ ጥልቅ ቁስል ውስጥ አይጨመርም፤ ጋዙ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። በብዙ ሳላይን (በሐኪም ቤት በተመጠነ ንጹሕ የጨው ውሃ) ይታጠብ።

ከባሕር ዳር፦ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ስንት ነው?

መልስ፦ የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል ይጠይቁ።

ከደብረ ማርያም፦ እግሬን ያመኛል፤ ምን ልዋጥ?

መልስ፦ የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? ያተኩስዎታል? ይህን ሳይጽፉ መድኃኒት አልጠራልዎትም። እብጠትና ትኩሳት ካለ ለዘጌው ልጅ የጻፍሁትን ያንብቡና ዛሬውኑ ይምጡ፤ እስከዚያም አይታሹ።