«ዋርድ» ቀበሌ ነውን? «ካውንስለር»ስ ወኪል?

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። የካውንስላችን፣ ማለትም የአካባቢያችን ምክር ቤት፣ አባላት የሚመረጡባቸው «ዋርዶች» ሊከለሱ ስለሆነ ለማኅበራችን አባላት የአማርኛ ማስታወቂያ እያዘጋጀሁ ነው። «ዋርድ»ን ቀበሌ፣ ከዋርዱ የሚመረጠውን «ካውንስለር» ተወካይ፣ ሥራውን ደግሞ «የነዋሪ ተወካዮች ግምገማ» አልኩት። አንድ ወዳጄ ሁሉንም ተቃወሙ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ «ግምገማ»ን አሁኑኑ ይሰርዙት። ቃሉ ምንም ነውር የለበትም፤ ግን ኢሕአዴግ ካስለመደን ወዲህ ግምገማ ሲባል ለሰው የሚታየው ሒስና ግለ ሒስ ነው። ማስታወቂያዎን ያነበበ ሁሉ የካውንስለሩን ድክመት ሊዘረዝር ተዘጋጅቶ ይመጣል። ክለሳውን የሚያካሂደው የእንግሊዝ የአካባቢ መንግሥት ወሰን ኮሚሽን ግን የማንንም ሥራ አይመዝንም። መጀመሪያ ካውንስሉ ስንት አባላት እንደሚያስፈልጉት ይወስናል፣ ከዚያ የዋርዶቹ ወሰን መስመር በየት በየት እንደሚያልፍ ያጠናል። «ክለሳ» ይበሉት።

«ቀበሌ» ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሕዝቡ ያውቀዋል ነው ክርክራቸው። ችግሩም ማወቁ ነው። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ቀበሌ ማለት መታወቂያ የሚሰጥ፣ ማኅተም ያለው፣ ቤት የሚያከራይ፣ ሊቀመንበር ያለው መሥሪያ ቤት ነው። ዋርድ ጽሕፈት ቤትም ማኅተምም የለውም፤ ድምፅ የሚቆጠርበት ክልል ነው፣ በቃ። «ወረዳ»ም ያው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ወረዳ ሄዶ ያልተሰለፈ ማን አለ?

ያለን ቃል «የምርጫ ክልል» ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54ም የተጠቀመበት ይህንኑ ነው። ክልል ከ«ከለለ» ወጣ፤ ግእዙ ከለለ ዙሪያውን ከበበ ማለት ነውና «አክሊል»ም «ተክሊል»ም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። አንዱ ራስን ይከባል፣ ሌላው መራጮችን። ዛሬ «ክልል» ሲባል ኦሮሚያና አማራ ስለሚታወሱ ብቻ ቃሉን ከቦታው ማፈናቀል አልወድም። እውነተኛው እክል ሌላ ነው፦ ለንደን ውስጥ የፓርላማውም መቀመጫ የምርጫ ክልል ይባላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሲጠቅሱት «የካውንስል ምርጫ ክልል (ዋርድ)» ብለው ይጻፉና ከዚያ ወዲያ «ዋርድ» ይበሉ። «ምክር ቤት»ን ትተው «ካውንስል» ማለትዎን እያጉረመረምኩም ቢሆን እቀበላለሁ። «ካውንስል ቤት አገኘሁ» የሚለውን ሰው «የምክር ቤት ቤት አገኘሁ» በል ማለት አይቻልም።

ወደ «ተወካይ» ልምጣ፤ ይህን ቃል አልወደውም። በግእዝ ተወከለ ታመነ፣ ተማመነ ነው፤ መዝሙረኛው «ብከ ተወከልኩ» የሚለው ለዚህ ነው። በአማርኛ ግን ወከለ፣ ውክልና፣ ወኪል ፍርድ ቤትና ውል መዋዋያ ገቡ። ውክልና የሰጠ ሰው ባሰኘው ቀን ይሽራል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት ይችላል ስለሚል «ተወካይ» እዚያ ቢያንስ ከሕጉ ጋር ይስማማል። በእንግሊዝ መራጩ የፓርላማ አባልን ከዘመኑ በፊት ከመቀመጫው እንዲያወርድ የሚያስችል ሕግ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ካውንስለርን ግን መራጩ ከ4 ዓመቱ ዘመን በፊት ሊያወርደው አይችልም። ያለ ፈቃድ 6 ወር ከስብሰባ ከቀረ ወንበሩን የሚያሳጣው ሕጉ ነው እንጂ መራጩ አይደለም። ማስታወቂያዎ ላይ «ወኪላችሁ» ካሉ ሊሻር የሚችል መስሎት የሚመጣ አይጠፋም።

እኔ ብጠየቅ «እንደራሴ» እላለሁ። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲባሉ ተናጋሪዋ ንግሥቲቱ ናቸው፦ «እንደ ራሴ ነው»። በኋላ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት የሕዝብ እንደራሴ ሲባሉ «ራሴ» ባዩ ሕዝቡ ሆነ። ለአንድ ቃል ከዚህ በላይ ምን ማዕረግ አለ! «እንደራሴያችን ስንል አገናዛቢው ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ስሕተት ነው» የሚሉ ሰዋስው አዋቂዎች «ጋሼ»ን ይመልከቱ። ጋሻዬ ነበር፤ ዛሬ «የእነሱ ጋሼ» ብንል ማንም አይደነግጥም። «ኤ» ከግንዱ ጋር ደርቃ ቀርታለች። ሆኖም ወጣቱ እንደራሴን የሚያውቀው ከታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ለማስታወቂያ «የካውንስል አባል» ይበቃል።

ወዳጅዎ ሳያዩት ያለፉት ግን ከሁሉ የከፋው «ነዋሪ» ነው። ኮሚሽኑ የሚያመዛዝነው የነዋሪን ሳይሆን የመራጭን ቁጥር ነው። 150,000 መራጭና 60 አባላት ያሉት ካውንስል ለአንድ አባል 2,500 መራጭ ይደርሰዋል፤ 3 አባላት ያሉት ዋርድ 7,500 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ 10 በመቶ በላይ ከራቀ ኮሚሽኑ በቂ ምክንያት ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ የለንደን ነዋሪ የካውንስል ግብር ይከፍላል፣ ቆሻሻው ይነሣለታል፣ በዚህ ስሌት ውስጥ ግን የለም፤ አገራችን የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ቁጥር ባለበት ሁሉ «መራጭ» ብለው ይጻፉ።

አስተያየት ለመስጠት ግን መራጭ መሆን አያስፈልግም፤ እዚህ ላይ «ነዋሪ» ይግባ። አባላትዎ «አትለያዩን» ብለው ብቻ ከላኩ ዋጋ የለውም። የትኞቹ መንገዶች፣ የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የትኛው ገበያ አንድ እንደሚያደርጋቸው ይጥቀሱ፤ መስመሩ በየት ቢያልፍ እንደሚሻልም በካርታ ያሳዩ። የቤት ዋጋና የመኪና ኢንሹራንስ ይነካብናል የሚለውን ኮሚሽኑ አያየውም።