መልስ፦ ግሪክ ውስጥ ከአቴንስ ዴልፊ በኪራይ መኪና ልሄድ ነው፣ ጎማው ላይ 2319 ይላል፣ ምን ማለት ነው ላልከው

2319 ማለት ጎማው የተሠራው በፈረንጆቹ 2019፣ 23ኛው ሳምንት ላይ ነው። የጎማው ማርካ ሚሽሊንም በለው ፒሬሊ አጻጻፉ ያው ነው፤ ስለዚህ ማርካውን ተወውና ቁጥሩን እይ። ሚሽሊን ራሱ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስመርምሩት፣ 10 ዓመት ከሞላው ግን ጥርሱ ቢኖርም ቀይሩት ነው የሚለው። ያንተው ጎኑ ላይ ከተሰነጣጠቀ አከራዮቹን ሌላ መኪና ስጡኝ በላቸው፣ አትፈር።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቁልፉን ሳትቀበል ስኮርታውን አስከፍተህ እይ። እኔ ከዴልፊ በፊት ያለችውን አራኾቫን አልፌ ጠመዝማዛው ላይ፣ ዴልፊ ልደርስ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀረኝ ጎማ ተነፈሰብኝ፤ ስኮርታውን ባወጣው እሱም ጠብ የሚል ነፋስ የለውም። እርዳታ መጥቶ ስደርስ የጥንቱ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ያለበት ግቢ በሩ ተዘግቷል።